ሁለቱ ጓጉንቸሮች

ሰኞ ጠዋት፣ ቢሮ

በሩጫ ነው የምጽፈው። ምንጩ ጋ ድንጋይ ተወራውረዋል። ጋሽ ቀስ-በሉ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሆስፒታል ገብተዋል። ላይ ሰፈር ሁለት ሱቆች ተቃጥለዋል። ስልኩ ፋታ አልሰጠኝም። አስተዳዳሪያችን አዋላጇ ገና በማለዳ በእግሯ ወደዚያው ሄዳለች። እኔ "መግለጫ አዘጋጅ" ተብያለሁ። ምን ብዬ?

ሰኞ ማታ

እስቲ ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ምናልባት ለራሴም ይገባኝ ይሆናል።

ኮረብታው ወገብ ላይ ያለው ምንጭ የሁለት እምነት ሰዎች የሚጸልዩበት ነው። ጸሎት ቤታቸው ከምንጩ በላይ የሆነው "የላይኞቹ" ይባላሉ፣ ከምንጩ በታች የሆነው "የታችኞቹ"። እኔ የላይኞቹ ልጅ ነኝ። የምንጩ የብረት በር በሰንሰለት ይታሰራል። የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች የሚያገናኙት ሁለት ጓጉንቸሮች ናቸው፤ አንዱ የላይኞቹ፣ አንዱ የታችኞቹ፣ አንደኛው በሌላው ቀለበት ውስጥ አልፎ የተቆለፈ። ከሁለቱ የትኛውም ቢከፈት ሰንሰለቱ ይወልቃል። ስለዚህ ማንም ማንንም "ክፈትልኝ" ብሎ አይለምንም። የመጣው የራሱን ከፍቶ ይገባል፣ ሲወጣ መልሶ ያያይዘዋል። ማን እንዳሰበው አይታወቅም፤ አያቶቻችንም እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኙት።

ዛሬ ጠዋት የታችኞቹ ሲመጡ የእነሱ ጓጉንቸር ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል። ሰንሰለቱን የያዘው የላይኞቹ ብቻ ነው፤ የእሱ ቁልፍ ደግሞ እነሱ ጋ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ድንጋይ ነው።

ጋሽ ቀስ-በሉ የምንጩ ዘበኛ ናቸው፣ ከታችኞቹ ወገን። ልጆች ሆነን በሩ ላይ ስንጋፋ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" እያሉ ሲያሰልፉን ነው ስሙ የወጣላቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። መሃል ገብተው ሲገላግሉ ተመቱ። ድንጋዩ ከየትኛው ወገን እንደመጣ እንኳን ያየ የለም።

የፖሊስ አዛዡ "የላይ ሰፈርን ወጣት በሙሉ ላፍሰው" አለ። አዋላጇ ከጫማዋ ላይ አቧራ እያራገፈች፣ "አንድ ጓጉንቸር የሚቆርጠው አንድ ሰው ነው። ሰፈር አይታሰርም" አለችው።

አዋላጇ የምንላት የከተማችን አስተዳዳሪ ናት። ከሌላ ቦታ ተሾማ የመጣች፣ ቀድሞ አዋላጅ ነርስ የነበረች። ስሙን ያወጣንላት ለማሾፍ ነበር። ዛሬ ግን የሚያሾፍ ሰው አላየሁም።

ማክሰኞ

የፖሊስ ባለሙያው የተቆረጠውን ጓጉንቸር አገላብጦ አየና፣ "ይሄ መጋዝ አይደለም። ማሽን ነው፣ በባትሪ የሚሠራ መቁረጫ። እዩት እንዴት እንደሚያበራ" አለ።

መግለጫው ላይ "በስለታማ መሣሪያ" ብዬ ጻፍኩት። ሕዝብ ዝርዝር አይወድም።

አዋላጇ አነበበችው። "ይቺን ቃል ለምን ቀየርካት?"

"እንዲያጥር ብዬ ነው።"

"'በማሽን' አትሻልም? አንድ ቃል ናት።"

እስክሪብቶ አቀበልኳት። ትንሽ አየችኝና "እሺ" ብላ ፈረመች። እንዲህ ያለ ማሽን እኮ ማንም ሊኖረው ይችላል።

ረቡዕ ማታ

ከሥራ ስወጣ ወንድም ጋሼ ጋ ጎራ አልኩ። እስከ ማታ የሚሠራው ብየዳ ቤቱ ተዘግቶ በጓሮ በኩል ነው የገባሁት። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ በር እና መስኮት እየበየደ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። የለበስኩት ሱፍ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር፣ ሁሉም ከእሱ ዓይን ነው የወጣ፤ ዓይኑ እስኪያብጥ ነው የሠራው። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል።

ሻይ አፈላልኝ። ጋሽ ቀስ-በሉ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ደግሞ ጠየቀኝ። ስወጣ በር ላይ ይዞኝ፣ "አይዞህ፣ ይድናሉ አይደል?" አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ድሮም ለሰው ይጨነቃል።

አንድ ጊዜ ከስብሰባ ስመለስ ያመጣሁለት ያቺ የባትሪ ማሽን መደርደሪያው ላይ የለችም። "አውሼያት ነው" አለ። ወንድም ጋሼ መዶሻ እንኳን የማያውስ ሰው ነው። ሐዘን ሰውን ይለውጣል መሰለኝ።

ሐሙስ

ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ፦ "መንግሥት ማን እንደቆረጠው ያውቃል። ዝም ያለው የራሱ ሰው ስለሆነ ነው።"

"ቢሮው ውስጥ የላይኞቹ ሞልተው የለ!"

ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ።

ዓርብ

የበላይ መሥሪያ ቤት ደወለ። ወይ መፍትሔ አምጡ ወይ ወታደር እንልካለን። አዋላጇ ስልኩን ዘግታ ሰበሰበችን።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም ጓጉንቸሮች ይነሱና የመንግሥት ጓጉንቸር ይሰቀል፤ ነገሩ እስኪበርድ ምንጩ ዝግ ይሁን፤ የምርመራውም ጉዳይ እስከዚያው ይቆይ። ጥሩ አድርጌ ነው ያቀረብኩት። አዛዡ ደስ አለው፣ ሁሉም እጁን አወጣ።

አዋላጇ "ምጥ ላይ የሚቸኩል እጅ ነው እናት የሚገድል" አለች። ከዚያ ስልኩን አየች፣ እኛን አየች፣ እሷም እጇን አወጣች።

ቅዳሜ ማታ

ጉድ ፈላ።

የላይኞቹና የታችኞቹ፣ እኔ እስከማስታውሰው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አብረው ሰልፍ ወጡ። በእኛ ላይ። ማዶ ለማዶ ድንጋይ ሲወራወሩ የከረሙት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው "አምላክን ቆለፋችሁት!" እያሉ ቢሮውን ከበቡት። ሳያስቀኝ አልቀረም።

አዛዡ አስለቃሽ ጭስ ልተኩስ አለ። አዋላጇ ከለከለችው። ደረጃውን ብቻዋን ወረደች። ድምፅ ማጉያ ይዤ ስከተላት በእጇ ገፋ አደረገችው። ሰው ሊሰማት ራሱ ቀረብ ቀረብ አለ።

"የቆለፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "ተሳስቻለሁ። የእኔ ያልሆነ በር ላይ ጓጉንቸር ሰቀልኩ። ኑ፣ አብረን እንሂድና እንክፈተው።"

ከሰልፉ አንዱ "ማነው ያማከረሽ?" ብሎ ጮኸ።

እኔ ሁለት ደረጃ ከኋላዋ ነበርኩ። አልዞረችም። "ፊርማው የእኔ ነው" አለች።

እኛ መሥሪያ ቤት "ተሳስቻለሁ" የሚባል ቃል የለም። "ሁኔታው ታይቶ ይስተካከላል" ነው የምንለው፤ ስንት ጊዜ በእጄ ጽፌዋለሁ። እስከ ዛሬ በሆዴም በዚህ ደብተርም "እሷ" እያልኩ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ናቸው።

ቤት ስገባ ሚስቴ ሁሉን ሰምታለች። "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አለች። "ያ የቆረጠው ሰው ዛሬ እሱም ከውጭ ቆሞ ዋለ አይደል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኳት። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ።

ሰኞ

አዋላጇ ቢሯቸውን ወደ ምንጩ አዛወሩ። ቀልድ አይደለም። ታጣፊ ወንበራቸውንና አንድ ጠረጴዛ በሩ አጠገብ ተከሉ፣ ማኅተሙም መጣ። በሩ ላይ ምንም ጓጉንቸር የለም፤ ሰንሰለቱ ተንጠልጥሏል። "የቆረጠው ሰው ራሱ መጥቶ እስኪጠግነው በሩ ክፍት ነው፣ እኔም እዚሁ ነኝ" አሉ። ፖሊሶቹ ከመንገዱ ማዶ እንዲቆሙ አዘዙ።

እንግዲህ የልደት ምስክር ወረቀት የፈለገ፣ የንግድ ፈቃድ የሚያሳድስ፣ አጥር የተገፋበት፣ ሁሉም ወደ ምንጩ ነው። ወረፋው አንድ ነው። የላይ ሰፈር ባለሱቅ ከታች ሰፈር ባለሱቅ ኋላ ተሰልፎ ጀርባውን ሲያየው ዋለ። ከሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አንደኛው ለሌላኛው "ቦታዬን ጠብቅልኝ፣ ውሃ ልጠጣ" አለው። "ሂድ፣ ቶሎ ተመለስ ግን" አለው ሌላው፣ ፊቱን ሳያዞር።

ይህን ሳይ ዓይኔን እንባ ሞላው። አቧራ ነው አልኩ።

ረቡዕ

የጋሽ ቀስ-በሉ ልጅ ቢሮ ደወለች። አባቷ ራሳቸውን ስተዋል። ሐኪሞቹ አንጎላቸው አብጧል ብለዋታል።

ወንድም ጋሼ ስልክ አያነሳም።

ሐሙስ

የበላይ መሥሪያ ቤት፦ እስከ ሰኞ የተያዘ ሰው ከሌለ ወታደር ይገባል፣ የላይ ሰፈር ቤት ለቤት ይፈተሻል። አዋላጇ "ወንበሬ መንገዳቸው ላይ ነው፣ ሲመጡ ያነሱኛል" ብለው ስልኩን ዘጉት። ለእኔ ሻይ ቀዱልኝ። "አንተ ደህና ነህ?" አሉኝ። "ደህና ነኝ።" "ቤተሰብ?" "ደህና።" "ወንድምህስ?"

ደህና ነው አልኩ።

ዓርብ ማታ

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፣ እኔ ነቅዣለሁ።

ሚስቴ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ያቺን ማሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት መቼ ነው?" አለችኝ።

"የምን ማሽን?"

"ተው በናትህ" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እሺ፣ ልጻፈው። ወንድሜ ነው የቆረጠው። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። ባለሙያው "በባትሪ የሚሠራ" ያለውን የቀየርኩት ስለማውቅ ነው። በዚህ ከተማ ያቺ ማሽን ያለችው እሱ ጋ ብቻ ናት፤ ሳመጣለት እንደ ሕፃን አቅፏት ሰፈሩን ሁሉ ዞሯል።

ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ባለቤቱ ከማረፏ በፊት በሽታው ጠንቶባት፣ እሱን ተደግፋ ምንጩ ጋ ልትጸልይ አብረው ሄዱ። የታችኞቹ ገብተው እየጸለዩ ነበር። ጋሽ ቀስ-በሉ በሩ ላይ፣ "ቀስ በሉ፣ ይጨርሱ" አሏቸው። ልማዱ ነው፣ የገባ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። ጸሐዩ አናት ይበሳ ነበር፣ ጥላ የለም። ወንድም ጋሼ ጃኬቱን አውልቆ በላይዋ ዘርግቶ ቆመ። የታችኞቹ አልቸኮሉም። እሷ መቆም አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ "ተወው፣ እንመለስ" አለችው። ሳትገባ ተመለሰች፣ ደግማም አልወጣችም። ቀብሯ ላይ አላለቀሰም። ስለዚያ ቀን ለእኔ የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም መስኮት እየለካ።

ስለዚህ እኔ ምን ላድርግ? ያሳደገኝን በእጄ ላስይዘው? ወይስ ዝም ብዬ ሰፈሩ ሁሉ በእሱ ፈንታ ይታፈስ? ጎረቤቶቼ፣ የልጆቼ ጓደኞች። እኔ ያመጣሁት የመንግሥት ጓጉንቸር ደግሞ ለማን እንደነበር አሁን ገና እየገባኝ ነው።

ቅዳሜ

አዋላጇን ምንጩ ጋ ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ ቅዳሜ ነው፣ ባለጉዳይ የለም። ቆሜ ነገርኳቸው። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም፣ "ወንድሜ" ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ።

ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"ዛሬ ጆሮዬን ያመኛል፣ የምትለው አይሰማኝም" አሉ። "የሰማሁ ከሆነ ፖሊስ መላክ አለብኝ። ሰው ተጎትቶ ሲመጣ አንድ ነው፣ በእግሩ ሲመጣ ሌላ ነው። እስከ ሰኞ ጠዋት ያመኛል። ከዚያ ይሻለኛል።"

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"'በስለታማ መሣሪያ'" አሉ፣ ሳቅ እንደማለት ብለው። "ስንቱን ባል ማዋለጃ ክፍል በር ላይ አይቻለሁ መሰለህ? የሚፈራ ሰው ቃል ያበዛል።" ቆይተው ደግሞ፣ ወደ ኮረብታው እያዩ፣ "ተሳስቼ ቢሆንስ እያልኩ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሱ ካልመጣ ሰኞ የሚሆነው በእኔ ነው" አሉ።

እኔ ወንድሙ እንኳን ይመጣል ብዬ ያን ያህል አልጠበቅሁትም።

እሁድ

ወንድም ጋሼ የጓሮውን በር ከፈተልኝ። ማሽኗ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ተወልውላ።

"አውቀሃል" አለ።

"አውቄያለሁ።"

"ላሳያቸው ብዬ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እነሱም ውጭ ጸሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁ ብዬ። ድንጋይ አላሰብኩም። እሳቸውን አላሰብኩም... ሞተው ከሆነ ንገረኝ።"

"አልሞቱም። አልነቁምም።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እዚያ እጅ ላይ ያለውን የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ ብዙው ለእኔ ትምህርት ቤት የተከፈለ ነው። እግሩ ሥር ቁጭ አልኩና ሰኞ የሚሆነውን ነገርኩት። "ላስገድድህ አልመጣሁም፣ ብትመጣ ግን አብሬህ እቆማለሁ" አልኩት።

"አንተማ ሥራህን ታጣለህ።"

"ልጣ።"

"ሞኝ" አለኝ። ከዚያ ልብሱን ትተኩስለት እንደሆነ ሚስቴን እንድጠይቅለት ነገረኝ። ቆሻሻ ሸሚዝ ለብሶ መሄድ አልፈለገም።

ሰኞ

በልኩ መጻፍ እችል እንደሆነ እንጃ።

ጠዋት ስንደርስ ወረፋው ረጅም ነበር። የወታደር መኪኖቹ ከከተማው መግቢያ ላይ ቆመዋል ተብሏል። ወንድም ጋሼ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ማሽኗንና የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። አዋላጇ ቀና ብለው አዩት።

"ወረፋ ያዝ" አሉት።

ወረፋ ያዘ። እኔም ከጎኑ። ከኋላችን የተሰለፈችውን ሴት ዞሬ አየሁ፦ የጋሽ ቀስ-በሉ ልጅ ናት፣ ለአባቷ የሕክምና ድጋፍ ወረቀት ልታጽፍ። ወንድም ጋሼም አይቷታል። ቦታውን አልለቀቀም። ከዚያ በላይ የረዘመ ወረፋ በሕይወቴ አልቆምኩም።

ተራው ሲደርስ አዋላጇ፣ "ጉዳይህ?" አሉ።

"ጓጉንቸሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ማንም አላዘዘኝም። ሰፈሬ አያውቅም። ልጠግን ነው የመጣሁ።"

ከዚያ ከታች ሰፈር አንድ ጎረምሳ ከሰልፉ ወጣ፤ እጁ ላይ ድንጋይ ይዟል። ፖሊሶቹ ከማዶ ተንቀሳቀሱ። አዋላጇ በእጃቸው አስቆሟቸው። እኔ ወንድሜ ፊት ልቆም ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"አንተ! ወረፋህን ጠብቅ!" የጋሽ ቀስ-በሉ ልጅ ናት። "የተመታው የእኔ አባት ነው። ከፊትህ እኔ ነኝ ያለሁት። እኔ ሳልወረውር አንተ የት ትሄዳለህ?"

ጎረምሳው ቆመ። እሷ ወንድም ጋሼን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። "ጠግን" አለችው።

ጠገነ። ሲቆርጥ ማሽኗ የሰንሰለቱንም አንድ ቀለበት ነክታው ነበር፤ አዲስ ቀለበት አስገባ። የታችኞቹ ሽማግሌ አዲስ ጓጉንቸር ከኪሳቸው አወጡ፣ የላይኞቹም የራሳቸውን መልሰው አመጡ። ሁለቱን አንዱን በአንዱ አያያዟቸው። ወንድም ጋሼ ማሽኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጆቹን ለፖሊሱ ዘረጋ። አዋላጇ "ካቴና አያስፈልግም፣ መንገዱን ያውቀዋል" አሉ።

የወታደር መኪኖቹ ከሰዓት ወደመጡበት ተመለሱ።

ሐሙስ

የሱቆቹን ቃጠሎ በተመለከተ ሦስት ልጆች ራሳቸው መጥተው ወረፋ ያዙ። አንዱ ያ ድንጋይ የያዘው ነው።

የሥራ መልቀቂያዬን ለአዋላጇ ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ አራት ቦታ አጥፈው ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር አስገቡት። "አሁን ቆመ" አሉ። "የነገውን መግለጫ ጻፍ። 'በማሽን' ብለህ።"

የበላይ መሥሪያ ቤት "ለምን ትእዛዝ አልፈጸሙም" ብሎ ጠርቷቸዋል። ነገ ይሄዳሉ። ወንበራቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ዓርብ

ጋሽ ቀስ-በሉ ነቅተዋል! መጀመሪያ የጠየቁት በሩ ክፍት መሆኑን ነው።

እሁድ

ከሳምንት በላይ አልጻፍኩም። ዛሬ ጋሽ ቀስ-በሉ ከሆስፒታል ወጡ። ራሳቸው ተጠቅልሏል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ቤታቸው ላደርሳቸው ነበር፣ እሳቸው ግን "እስር ቤት ውሰደኝ" አሉ። ልጃቸው ተቆጣች። እሺ አላሉም።

ወንድም ጋሼን አወጡልን። በመሃላችን የሽቦ አጥር አለ። ጋሽ ቀስ-በሉን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

"ቀና በል" አሉት። ጎንበስ ብለው ሽቦውን ያዙ። "ያን ቀን ጸሐይ ነበር። አይቻታለሁ፣ ሚስትህን። መሬት ላይ ስትቀመጥ አይቻታለሁ። ማስገባት ነበረብኝ። ልማድ ነው ብዬ አላስገባኋትም። ተኝቼ ያሰብኩት እሷን ነው።"

ወንድም ጋሼ አለቀሰ። በቀብሯ ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው። ከዚያ ማውራት ጀመረ፣ ስለ እሷ፤ እንዴት እንደተዋወቁ፣ የመጀመሪያ ቤታቸውን በር እሱ ሲበይድ እሷ እንዴት መብራት እንደያዘችለት፣ ያን ቀን ከምንጩ ሲመለሱ መንገድ ላይ ምን እንዳለችው። እኔ ወንድሙ ሆኜ አንዱንም አላውቅም ነበር። ጋሽ ቀስ-በሉ ጆሯቸውን ሽቦው ላይ አስጠግተው ያዳምጣሉ።

የእስር ቤቱ ዘበኛ መጣ። ሰዓት አልቋል፣ ውጡ አለን።

ጋሽ ቀስ-በሉ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አነሱበት።

"ቀስ በሉ" አሉት። "ይጨርስ።"